የስድስት ሰዓት ውሃ

የተወለድኩባት ሮቢት ስሄድ ሰው ሥራዬን የሚጠይቀው እኔን ሳይሆን ታላቅ እህቴን ነው። እሷም ሳትስቅ «ጨው ነው የሚያጠና» ትላለች። ብዙም አልተሳሳተች። የአእምሮ ሐኪም ነኝ፤ አብዛኛውን ዕድሜዬን የፈጀሁት ግን አዲስ አበባ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ሊቲየም የሚባል ጨው አንጎል ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ስመረምር ነው። እናታችን በልጅነታችን ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ የፈለገችውን ብትለኝ መብቷ ነው።

ወደዚህ ሙያ ያስገባኝም የእሷ ሕመም ነው። ተማሪ ሳለሁ እንቅልፍ አጥታ ሰነበተች። ያመረተችውን ሽንኩርት በሙሉ ለአላፊ አግዳሚው አደለች፤ አንድ ቀን በእግሯ ሩቅ ዋጃ ከተማ ድረስ ሄዳ ሰዎች መለሷት። ከዚያ ደግሞ ወራት ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እንዲህ ሲመላለስባት ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ፣ እኔም ሐኪም ከሆንኩ በኋላ፣ አንድ ባልደረባዬ ሊቲየም አስጀመራት። አወሳሰዱን በትልልቁ ጽፌ ሰጠኋት፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ውሃ በብዛት። እህቴ ተመለሰችልኝ። ቁጣዋ እንኳን ሲመለስ ደስ አለኝ።

በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም ልጠይቃት ሄድኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እሷ ማሳው ውስጥ ሽንኩርት ስትኮተኩት ነበር፤ እንዳየችኝ ውሃ ቀድታ አመጣችልኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ግማሹ መሬት ፈሰሰ። አረማመዷም የሰከረ ሰው ነው። ባሏ ወደ ጎን ሳብ አድርጎኝ፣ «መድኃኒቱ አልያዛትም፤ ቢቀርባት ይሻላል» አለኝ።

እኔ ግን ምልክቱን አውቀዋለሁ። መድኃኒቱ በደሟ ውስጥ በዝቷል።

«አንችስ አትጠጭም?» አልኳት።

«ምን ሁነሃል? ገና ዘጠኝ ሰዓት መች ሆነ።»

ለካ የጠዋቱንም እንክብል ወደ ማታ አዛውራዋለች። ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ በዚያ ሐሩር ላቧ ሲንጠፈጠፍ መድኃኒቱ ከሰውነቷ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። ይህን በየስብሰባው የማስተምር ሰው፣ የገዛ እህቴን ውሃ መቼ እንደምትጠጣ አልጠየቅኋትም። አፈርኩ። እስካሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

ያገኘሁትን መኪና አስቁሜ ቆቦ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። መድኃኒቱ ቆመ፣ ግሉኮስ ተሰካላት፣ ከቀናት በኋላ እጇ ረጋ። ከዚያ ነው ጠቡ የተጀመረው። «መድኃኒቱን እተዋለሁ እንጅ ጾሜን አልተውም» አለች። ያ የግድግዳው ዘመን ሊመለስ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ እጮሃለሁ። ስለ ኩላሊት፣ ስለ ሶዲየም ለፈለፍኩ። «ያንተ ነገር ሁሉ ጨው ነው» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

የንስሐ አባቷን ለምኜ አመጣሁ። «ልጄ፣ ሕመምተኛ አይገደድም፤ ውሃሽን ጠጭ» አሏት። መስቀላቸውን ተሳለመች። ቀና ብላም፣

«እሽ አባቴ። የእኔን ጾም ታዲያ ማን ይጹመው?»

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። እሷም ዞረች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ ቁርስ ዘልዬ የማላውቅ ሰው ነበርኩ።

አሁን ለጥናቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው ውሃ መቼ እንደሚጠጣ ነው፤ ረመዳን የሚጾሙት የጎረቤታችን የጎብዬ ገበሬዎችም እንዲሁ። እኔም በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። ቤተ ሙከራ ያሉት ልጆች ጠባዬን ስለሚያውቁ የተበላሸ ውጤት ከዘጠኝ በፊት አያሳዩኝም። ስድስት ሰዓት ላይ እህቴ ትደውላለች። እኔ አለመቅመሴን ካልነገርኳት አትጠጣም።

አምና ስብሰባ ላይ ሆኜ፣ ረስቼው፣ ብስኩት አፌ ውስጥ እያለ ስልኩ ጠራ። ሰው ሁሉ እያየኝ መሐረቤ ላይ ተፋሁትና ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«ቀመስክ እንዴ?» አለችኝ።

«አልዋጥኩም።»

ከዚያ ውሃው በጉሮሮዋ ሲወርድ ሰማሁ።