ወባ ያልነው መርዝ

ጁባ የሄድኩት አገር ለማየት አልነበረም፤ ታናሽ ወንድሜን ሰለሞንን ላስታምም ነው። ሰለሞን ከጁባ ድልድይ ማዶ፣ ሸሪካት በሚባል ሰፈር ከድር ከሚባል የወሎ ልጅ ጋር ተጋርቶ ለሐበሻ ምግብ ቤቶች ጤፍ፣ ሽንብራና ባቄላ ያከፋፍላል። ከድር ደውሎ «ወባ ይዞታል፤ ጠንክሮበታል» ሲለኝ የልብስ ስፌት መኪናዬን አልብሼ ተነሳሁ። እናታችን ጉልበቷ ስለማይችል ቤት ቀረች።

ጠዋት፣ ከቦሌ

አውሮፕላኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች የምግብ ቤት ባለቤት እስክንወርድ ድረስ ስለ ዶላር አወራችኝ፤ ግማሹን አልሰማኋትም። ጁባ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። የቪዛው ሰልፍ እግሬን አሳበጠው።

ከድር ፒክአፕ ይዞ ጠበቀኝ። ጢሙን ከተላጨ ሰንብቷል። ሰው በሚያመላልሱ የቦዳ ቦዳ ሞተሮች መሀል እየተሹለከለከ ሲነዳ ወንድሜ እንዴት እንደሆነ ደጋግሜ ጠየቅኩት። «አልሐምዱሊላህ» ይላል እንጂ ዓይኔን አያይም። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

ሆስፒታሉ

ሰለሞንን መጀመሪያ አላወቅኩትም። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ሽንቱ እንደ ኮካ ጠቁሯል፤ መርፌ የተወጋበት ቦታም መድማቱን አላቆመም።

ዶክተሩ ጋምቤላ በስደት ያደገ ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ አማርኛው ከእኔ አይተናነስም። የሰለሞን ደም እዚያው ሰውነቱ ውስጥ እየፈረሰ እንደሆነ ነገረኝ። ክፉ ወባም እንዲህ ያደርጋል፤ ምርመራው ግን ደጋግሞ ወባ አላሳየም።

«ሌላ የነካው ነገር አለ ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር» አለኝ። «ማፊ፣ ምንም የለም አሉኝ።»

ከሰዓት፣ ሸሪካት

ቅያሪ ልብስ ላመጣለት ከከድር ጋር ድልድዩን ተሻገርን። የጭነት መኪኖቹ መንገዱን ዘግተውት ነጭ አባይን ቁጭ ብዬ የማየት ዕድል ነበረኝ። ሰፊ ነው፣ ቡናማ ነው። ልቤ ግን አላየውም።

ከሱቁ ጀርባ ያለው መጋዘን ሲከፈት የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ መታኝ። ሌባ ከገባ ወዲህ ሰለሞን እዚያው ነበር የሚያድረው፤ ፍራሹ በጆንያዎቹ ላይ ተነጥፏል፣ መስኮቱ በሸራ ተጠርቅሟል። በሽንብራው ጆንያዎች መካከል የተቋጠሩ ጨርቆች አየሁ። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ለሽንብራና ለባቄላ ግን ሰዎቻችን የነቀዝ ኪኒን በጨርቅ ቋጥረው ይከታሉ። አንዱን ላነሳ ስል ከድር እጄን ያዘኝ።

«አይንኩት፣ እትዬ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ያውቃል።

ጆንያ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ። «መርዝ ካልኩ፣ ጠጣ ይሉታል» አለ። «ወሬው ከእኛ ቀድሞ አዲስ አበባ ይገባል። ቢሞትስ? ቤተ ክርስቲያን አትቀብረውም ይሉ የለ? ሰለሞን ራሱ ነው ለማንም አትንገር ያለኝ።»

ተናደድኩ። ልጮህበት አፌን ስከፍት እናቴ ትዝ አለችኝ። በሰፈራችን መርዝ ጠጥቶ በሞተ ልጅ ለቅሶ ላይ የተንሾካሾኩትንም አስታወስኩ። እኔም ብሆን ዝም ልል እችል ነበር፤ ያ ነው ያስፈራኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ልብሱን ትቼው ወደ ሆስፒታሉ ተመለስን።

ዶክተሩ ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ የደከመው ሰው ነው። ከኪኒኑ የሚወጣው ጋዝ ልብን እንደሚጎዳ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ደሙን እንደሚያፈርስ፣ የፈረሰው ደም ኩላሊቱን እንዳይዘጋው እንደሚሰጋ ነገረን። የወባውን መድኃኒት አስቆመ።

«ማሌሽ፣ አዝናለሁ እህቴ» አለኝ። «ማርከሻ የለውም። ደም ስጡትና አብረን እንጠብቅ።»

የተቀመጠ ደም አልነበረም፤ ሰው ማምጣት የእኛ ፈንታ ነው። የእኔ አልገጠመም። የከድር ገጠመ። እጅጌውን ሰብስቦ ሲተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ቡሉክ ሰፈር ካሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም ሁለት አስተናጋጆች ሽርጣቸውን ሳይፈቱ መጡ።

ከዚያ በኋላ ፕላስቲክ ወንበር ላይ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ሽንቱ መጀመሪያ ወደ ሻይ መልክ፣ ቀስ እያለም ወደ ጤነኛ መልኩ ተመለሰ። በሰው ሽንት ደስ ይለኛል ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም። ከድር መጋዘኑን ከፍቶ አናፈሰ፤ ሰለሞንም መቆም ሲችል ይዤው ወጣሁ።

አዲስ አበባ

ቤት ስንገባ ጎረቤቶች ሊጠይቁት ተሰብስበዋል። አፌን ሳልከፍት እናቴ «የቆላ ወባ ነው፣ እግዜር አተረፈልኝ» አለች። ደክሞኛል፤ ልተወው ብዬ ነበር። ሰለሞን ግን ከትራሱ ቀና አለ።

«ወባ አይደለም፣ እማዬ። የነቀዝ ኪኒን ነው። አልጠጣሁትም፤ ከሽንብራው ጋር ተኛሁ።»

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እኔ ሹክሹክታውን ስጠብቅ፣ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው እትዬ ዘነበች ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ ወደ እኔ ዘረጋች። ልጇ መርካቶ እህል በረንዳ የመጋዘን ዘበኛ ነው።

«ደውይልኝ» አለችኝ። «እሱም እዚያው ውስጥ ነው የሚተኛው።»