የሻሼ መርፌ በነነዌ ጾም

ሥራ የጀመርኩት አምበር ነው። በመጀመሪያው ቀን የእንስሳት ክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ፈንታ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጸጉሬ አዩኝና፣ “እኛ እንኳ ወንድ ይላክልናል ብለን ነበር” አሉ። “እኔም ክሊኒክ ነው የምትሄጂው ተብዬ ነበር” አልኳቸው። ክሊኒክ የተባለው አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ መዝጊያው የማይገጥም የመድኃኒት ቁም ሣጥንና ውጭ በሬ አስገብተን የምናቆምበት የግንድ ማገጃ ነው። ማገጃውን ክራሽ እንለዋለን። ምላሴ ያኔም ስለት ነበር፤ አቶ ፈንታ ግን አልተቀየሙኝም። ሲሪንጅና ጓንት ሰጥተውኝ ወደ ክራሹ ጠቆሙኝ።

ክራሹ ውስጥ አንድ ቀይ በሬ ቆሟል። ባለቤቱ፣ “ሴት በሬ ስትወጋ አይቼ አላውቅም” አለ። “እንግዲያው ዛሬ እይ!” ብዬ ከትከሻው ኋላ ቆዳውን ቆንጥጬ የአባሰንጋ ክትባቱን ሰጠሁት። በሬው ንቅንቅ አላለም። ባልዲዬን የረገጠብኝ በኋላ፣ ኩራቴን ሳልጨርስ ነው።

ከአምበር ደብረ ኤልያስ፣ ከደብረ ኤልያስ ደብረ ማርቆስ ተዛወርኩ። ከረዳትነት ቴክኒሺያን፣ ከዚያም ከፍተኛ ቴክኒሺያን ሆንኩ። ሕዝቡ ግን ከመጀመሪያውም “ዶክተር” ነው የሚለኝ። አይደለሁም ብዬ ስንቱን ልመልስ? ተውኩት። ሥራዬ በሬ፣ ላም፣ በግና በቅሎ ነበር። ድመት ክሊኒክ አትመጣም። ድመት ስትታመም ትጠፋለች፤ ከዳነች ትመለሳለች፤ ካልዳነች ጎረቤት የወለደች አትጠፋም። እኔም የማስበው እንደዚያው ነበር።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ነው ጋሼ አያሌው የመጡት። ጋሼ አያሌው እህል ተራ መጋዘን ያላቸው የጤፍና የስንዴ ነጋዴ ናቸው። ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፤ ልጆቻቸው ርቀዋል። ጾም የማይስቱ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን ሲገልጡት ከውስጥ ድመት ብቅ አለች። ገላዋ ግራጫ፣ አናቷ ነጭ ስለሆነ ሻሽ ያሰረች ትመስላለች፤ ስሟም ሻሼ ነው።

“ምን ሆነች ጋሼ?”

“ትበላለች፣ ትከሳለች። ውኃ ትጠጣለች፣ ትሸናለች፣ ደግማ ትጠጣለች። ዛሬ ደግሞ የሸናችበት ላይ ጉንዳን ሰፍሮ አየሁ።”

ጉንዳን ሲሉኝ ነገሩ ገባኝ። የጆሮዋን ጠርዝ ወጋ አድርጌ አንዲት ጠብታ ደም በሰው የስኳር መለኪያ ለካሁ። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ወጣ። ድመት ስትደነግጥ ስኳሯ ስለሚጨምር በዚያ ብቻ አላመንኩም፤ ሽንቷን አየሁ፣ በማግስቱም ቤታቸው ሄጄ ተረጋግታ ሳለች ደግሜ ለካሁ። ያው ነው።

“የስኳር ሕመም ነው” አልኳቸው።

“የሰው ስኳር?”

“የሰውም ነው፣ የውሻም ነው፣ የድመትም ነው።”

“ከማን ተጋባባት?”

“አይጋባም። ምን ነበር የሚያበሏት?”

“እኔ የምበላውን ነዋ። ዳቦ በወተት። በጾም ሽሮ በእንጀራ።”

ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። ጧትና ማታ ኢንሱሊን መወጋት አለባት፤ ዳቦውና እንጀራው ይቀራል፣ ሥጋና እንቁላል ይተካል። ይህ የማይሆን ከሆነ ሳትሠቃይ የምታልፍበት መድኃኒት አለ። እውነቱን ሳልሸፍን መናገር ሥራዬ ነው። ጋሼ አያሌው፣ “ባለቤቴ ልትሞት ስትል ስለ ቤቱም ስለ ልጆቹም ምንም አላለችም” አሉ። “‘ሻሼን አደራ’ ነው ያለችኝ። በይ እንግዲህ፣ አደራ በላ አታድርጊኝ።”

አንጀቴን በሉት። ሰው የሚያውቀኝ በቁጣዬ ነው፤ ያን ቀን ግን የድመቷን ጀርባ ዳበስኩ።

መውጋት የተማሩት በብርቱካን ነው። ኩንታል እንደ ትራስ የሚያነሣው እጃቸው ያቺን ቀጭን መርፌ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ብልቃጡን አይነቅንቁት፣ በመዳፍዎ መሀል ቀስ አድርገው ያሹት፤ አየር እንዳይገባ፤ ከአንገቷ ኋላ ቆዳዋን ሳብ ያድርጉ እያልኩ አሠለጠንኳቸው። በመጀመሪያው ቀን ከብርቱካኑ ይልቅ ጣታቸውን ነው የወጉት። ሻሼን ሲወጉ ደግሞ “ወይ መድኃኔዓለም!” ብለው የጮኹት እሳቸው ናቸው፤ እሷ ቀና ብላም አላየች።

ኢንሱሊኑ የሚገኘው ከሰው መድኃኒት ቤት ነው። ፋርማሲስቱ ማዘዣውን አይቶ ስልክ ደወለልኝ።

“የታካሚዋ ስም ሻሼ፣ ዕድሜ ዘጠኝ ይላል። እንዲህ ላለች ሕፃን ይህ መጠን አያንስም?”

“ድመት ናት።”

እሱም፣ “መድኃኒቱ ያጠረ ቀን ቅድሚያ ለሰው ነው፤ እንዳትቀየሚኝ” አለ። “እኔም ያንኑ ነው የምለው” አልኩት። ሰጠን፤ ያ ቀንም እግዜር ይመስገን አልመጣም።

ለጋሼ አያሌው ያጠበቅሁት ሁለት ነገር ነው። ሰዓቱ እንዳይዛነፍ፤ መጀመሪያ ትብላ፣ ከዚያ ትወጋ። ሰዓቱ ላይ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፤ ነጋዴ ገበያ ሲሞቅለት ሰዓት ይረሳል ብዬ። ሻሼም መለስ ማለት ጀመረች። ጸጉሯ ተኛ፤ ከመጋዘኑ አንዲት አይጥ ይዛ ወጣች ብለው እንደ ሎተሪ ዕድለኛ ነገሩኝ።

የነነዌ ጾም ገባ። ሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጋሼ አያሌው ጋቢያቸው እየተጎተተ ክሊኒኩ በር ደረሱ። ሻሼ ክንዳቸው ላይ ተዝለፍልፋለች፤ እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ፤ ዓይኗ ተከፍቷል ግን አያይም።

“በልታለች?”

“ወግቻታለሁ። ሰዓቷን አላሳለፍኩም።”

“በልታለች ወይ ነው የምልዎት!”

“ነነዌ አይደለም እንዴ?”

“ስኳር አምጡ!” ብዬ ጮህኩ። ከሻይ ክፍሉ የመጣውን ስኳር በጥቂት ውኃ በጥብጬ በጣቴ ድዷን ማሸት ጀመርኩ። ራሷን የሳተች እንስሳ ጉሮሮ ውስጥ ምንም አይፈስም፣ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ጋሼ አያሌው እጄን ለቀም አደረጉት።

“ስኳር ለያዛት ስኳር? ልትገያት ነው?”

“ይልቀቁኝ! ኢንሱሊኑ ያለ ምግብ ገብቶ ስኳሯን ጨርሶታል!”

ለቀቁኝ። የፊት እግሯን ላጭቼ፣ ለላም የምንሰጠውን ግሉኮስ አቅጥኜ በደም ሥሯ ቀስ እያልኩ ሰጠኋት። ከዚያ መጠበቅ ነው። እየጠበቅሁም መቆጣቴን አልተውኩም።

“ምን ነክቶዎት ነው ድመት የሚያስጾሙት?”

“የነነዌ ንጉሥ ሰውም ከብትም አይቅመስ ብሎ አዋጅ አስነግሯል። አባቴ ቤት በነነዌ ጥጃ እንኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከእናቱ ተለይቶ ነው የሚውል። ድመት ከጥጃ በምን ትበልጣለች?”

“የነነዌ ከብት ኢንሱሊን አልተወጋም!”

ቀና ብለው አዩኝ። “አንቺ ሰዓቱን አጥብቅ አልሺኝ። እግዜር ጾሙን አጥብቅ አለኝ። ሁለቱንም አጠበቅሁ። ቅዳሴ ሲወጣ ላበላት እንቁላሏን ቀቅዬ አስቀምጫለሁ። የቱ ላይ ነው ያጠፋሁት?”

በሙሉ ልባቸው የታዘዙ ሰው ናቸው። ቁጣዬ ከላዬ ላይ ወረደ። ድመቷ ጆሮዋን አነቃነቀች፤ ቆይታ ራሷን አነሣች፤ ከዚያ ግሉኮስ የምሰጥበትን እጄን ነከሰችኝ። እሰይ! እንደዚያ ቀን ንክሻ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጋሼ አያሌው ወደ ግድግዳው ዞረው አለቀሱ።

ከክሊኒኩ በቀጥታ የሄዱት ወደ ንስሐ አባታቸው ነው። ቄሱ ታሪኩን ሰምተው፣ “አያሌው፣ ንጉሥ ነህ እንዴ ለድመት አዋጅ የምታወጣው? የታመመ ሰው እንኳ ይበላል። ሂድ አብላት” ብለዋቸዋል። ይህን ሲነግሩኝ ፈገግ አሉ፤ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

ችግሩ ሁዳዴ ሲገባ መጣ። ሥጋ ቤት ሁሉ ተዘጋ፤ የቀረው እንቁላል ነው። በጋሼ አያሌው ቤት ደግሞ በሁዳዴ የፍስክ ዕቃ ታጥቦ ቆጥ ላይ ይወጣል፤ በጾም ድስት እንቁላል አይቀቀልም፣ በጾም ምድጃም አይጣድም። ስለዚህ ለሻሼ የራሷ ትንሽ ድስትና ከሰል ማንደጃ ገዙ። ከቤት አውጥተው መጋዘኑ ደጃፍ ላይ አስቀመጡት። በየማለዳው ወደ ኪዳን ከመሄዳቸው በፊት እዚያ ቁጭ ብለው እንቁላል ይቀቅላሉ፤ ይዘው ሻሼ ወዳለችበት ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ በሩን ይዘጋሉ።

እህል ተራ ዓይን ብቻ ነው። አጠገባቸው ባቄላና ሽምብራ የምትሸጠው ጥሩዬ አይታለች። እኔ ወሬውን የሰማሁት ጤፍ ልገዛ ሄጄ ነው። “ጋሼ አያሌው ጾም ፈቱ። ሚስታቸው ከሞቱ ሃይማኖታቸውም ሞተ” ይባላል። ደሜ ፈላ። በቀጥታ መጋዘን ገባሁ።

“ይንገሯቸው እንጂ! ካልሆነ እኔ ወጥቼ ለጥሩዬ እነግራታለሁ!”

“ምን ብለሽ? አያሌው ድመት ይወጋል ብለሽ?” አሉ። “ጾም ፈታ ከሚሉኝ ያ ይብሳል። ሰው በሽተኛውን የሚያሳክምበት አጥቶ እኔ ድመት ሳስታምም ምን እባላለሁ? ተያት። ለጥሩዬ ብዬ አልጾምኩም፤ ለጥሩዬ ብዬም ሻሼን አላስርባትም።”

አፋቸው እንዲህ ይበል እንጂ ሆዳቸው ተጎድቷል። የማለዳ ሰላምታው ቀዘቀዘባቸው። የጽዋ ማኅበር ተራቸው ሲደርስ ማኅበርተኞቹ “እርስዎ ዘንድሮ ይረፉ” ብለው ለሌላ ሰው አሳለፉት። ዕድሜ ልካቸውን ጽዋውን ሲቀበሉና ሲያስተላልፉ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን፣ “እንዲያው ያንን ሳትሠቃይ የምታልፍበትን መድኃኒት…” ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ተዉት። ሻሼ ጭናቸው ላይ ተኝታ ነበር። በሰው ፊት መዋረዱ እንደከበዳቸው ገባኝ፤ ቢጠይቁኝ እምቢ ማለት እንደማልችልም አውቀዋለሁ። በጣም ፈራሁ።

ሰሙነ ሕማማት ውስጥ ስኳሯን ልለካ በማለዳ ሄድኩ። ጋሼ አያሌው እንቁላሉን እየላጡ ሳለ ጥሩዬ በሩ ላይ ቆመች። ልታሽሟጥጥ አልነበረም፤ ፊቷ አዝኗል።

“ጋሼ፣ በእመብርሃን፣ ለሕማማት እንኳ ይተዉት። ነፍስዎ ታሳዝነኛለች።”

ልመልስላት አፌን ስከፍት ጋሼ አያሌው በእጃቸው አስቆሙኝ። እንቁላሉን ፈርፍረው ለሻሼ ሰጧት፤ ጨርሳ በላች። ብልቃጡን አውጥተው በመዳፋቸው አሹ፤ ሲሪንጁን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። ሁልጊዜ በሄድኩ ቁጥር የምይዝላቸው እኔ ነኝ። ልንበረከክ ስል፣ “ጥሩዬ፣ ነይ ያዥልኝ” አሉ።

ጥሩዬ ግራ ገብቷት ገባች፤ ተንበርክካም ድመቷን ያዘች። ጋሼ አያሌው የአንገቷን ቆዳ ሳብ አድርገው ወጉ። አሁን እጃቸው አይንቀጠቀጥም።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ስኳር አለባት። እንቁላሉ የሷ ነው።”

“በየቀኑ ነው?”

“ጧትና ማታ።”

“እርስዎ ራስዎ?”

“ሌላ ማን አለ? የሟች አደራ ናት።”

ጥሩዬ ድመቷን አልለቀቀቻትም። “እናቴም ስኳር ነበረባት” አለች። “መርፌዋን ራሷ ትወጋ ነበር፤ ዓይኗ ከደከመ በኋላም ራሷ። እኔ ገበያ አለብኝ እላታለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ይዤላት አላውቅም።” ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ሻሼን እንዳቀፈች መጋዘኑ ወለል ላይ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ጋሼ አያሌው መርፌውን ከደኑ፤ ድስቱን አነሡ፤ አስቀመጡ። በመጨረሻ፣ “አይዞሽ። ማታም ነይ ያዥልኝ” አሏት።

ማታም መጣች። ከፋሲካ በኋላ የጽዋው ተራ ለጋሼ አያሌው ተመለሰላቸው፤ ማን እንደተናገረ አልጠየቅሁም። እኔ ጡረታ ስወጣ ሻሼ በሕይወት ነበረች፤ የመርፌዋ መጠንም ወደ ግማሽ ወርዶላት ነበር።

አሁን ሥራ ለጀመራችሁ የምለው ይህንን ነው። ኢንሱሊን ስትሰጡ ሰዓቱን ብቻ አትንገሩ። ያ ቤት መቼ እንደሚጾም፣ በስንት ሰዓት እንደሚበላ፣ ከባለቤቱ ጋር እንስሳዋን ማን እንደሚይዝ ጠይቁ። መልሱን ሳትሰሙ ብልቃጡን አትስጡ።