የሹሙ ሣር

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ በአንድ ጣሊያን ሹም ግቢ፣ ሥራዬ ሣር ማጠጣት ነበር ስላቸው የዛሬ ልጆች ይስቁብኛል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም የመጀመሪያ ቀን ስቄያለሁ። ከብት የማይግጠው፣ ሰው የማይቀመጥበት ሣር ለምን ውኃ እንደሚጠጣ አልገባኝም ነበር። ግን ባሌ ሞቶብኝ፣ ልጅም ሳልወልድ፣ ከደምበጫ ብቻዬን የመጣሁ ሴት ነበርኩና ሥራ አላማረጥኩም። በከተማው የኔ የምለው የማርያም ማኅበሬን ብቻ ነበር። በየወሩ በሃያ አንድ በየተራ ካንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ የማኅበሩ ጽዋ ወደ ባለተራዋ ቤት ይሄዳል። የኔ ተራ ጥር ላይ ነበር።

ኅዳር ላይ ጣሊያኑ ሹም ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት በጆንያ አስመጣ። እኛ የምናውቀው ፍግ ነው፤ ማዳበሪያ የሚለውን ቃል እንኳ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አስተርጓሚው ዱቄቱን እንደበተንኩ ወዲያው እንዳጠጣ፣ ከዚያም ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ውኃ እንዳላቋርጥ፣ ሰውም እንዳላስረግጥ ነገረኝ። በትኜ ስጨርስ ሳላጠጣው መሸ። ማግስቱ ኅዳር ጽዮን ነበረች። በማርያም ቀን እንስራ አዝዬ ለሣር ውኃ ላመላልስ? አንድ ቀን ምን ያደርገዋል አልኩና ነጠላዬን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ።

በሃያ ሁለት ጠዋት ብመጣ ሣሩ እሳት የላሰው መስሏል። ሹሙ አልጮኸም። እስከ ጥር ካልለመለመ እንደሚያሰናብተኝ በአስተርጓሚው አስነገረኝ። ማኅበሬን የማበላበት እህል የሚገኘው ደግሞ ከዚያው ግቢ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ለኔ በዓል የሚባል ነገር ቀረ። መጀመሪያ ዱቄቱ ታጥቦ እንዲወርድ ውኃ ሳልሰስት አፈሰስኩበት። ቀጥሎ የጣሳ ቂጥ በምስማር በሳስቼ እንደ ካፊያ አጠጣው ጀመር። የታኅሣሥ ውርጭ ክፉ ነውና ፀሐይ እስክታነሣው ቆሜ እጠብቃለሁ፤ እስከዚያ የተቃጠለውን በጣቴ እለቅማለሁ።

ውኃ የምቀዳበት ምንጭ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። እሑድም፣ በሚካኤልም፣ በገብርኤልም ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ እኔ እንስራዬን አዝዬ ዳገቱን ስወጣ እንገጣጠማለን። መጀመሪያ ሰላምታቸው አጠረ፤ በኋላ ጭራሽ ቀረ። በታኅሣሥ ማርያም ዕለት፣ ማኅበር ሳልደርስ በቀረሁበት ቀን፣ አጥር የምንዋሰናቸው አሮጊት መንገድ ላይ አቆሙኝ። የማኅበራችን ታላቅ እሳቸው ነበሩ።

«የእመቤቴን ቀን ለማን ብለሽ ነው የምትሽሪው?» አሉኝ።

ሣሩ የተቃጠለው ቀኗን ስላከበርኩ መሆኑን ልነግራቸው ይገባ ነበር። ግን እንስራው ከብዶኛል፣ ወገቤ ተቆርጧል፣ እልኸኛም ነኝ።

«ለሣር ነው፣ እማማ» ብዬ አለፍኩ። ያቺን መልስ ምነው በዋጥኳት እያልኩ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

ጥር ሲገባ ሣሩ ለመለመ። በማጭድ አስተካክዬ ሳጭደው፣ የታጨደውን ልውሰድ ብዬ ሹሙን ለመንኩት፤ ፈቀደልኝ። በጥር አገሩ ሁሉ ገለባ ነው፤ እንዲህ ያለ ለምለም ሣር የሚጎዘጉዝ ቤት አልነበረም። ሲያዩት ደስ ይላቸዋል፣ እኔም የሆነውን ሁሉ እነግራቸዋለሁ፣ ይቅር እንባባላለን ብዬ ነበር። ጠላዬን ጠመቅሁ፣ ዳቦዬን ደፋሁ፣ ከመድረኩ እስከ መደቡ ሣሩን ጎዘጎዝኩ።

ጽዋው አልመጣም። ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ጸሎት ከአጥሩ ማዶ፣ ከአሮጊቷ ቤት ተሰማኝ። የእያንዳንዳቸውን ድምፅ እለያለሁ። እነሱ አሜን ሲሉ እኔም ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ አሜን አልኩ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ባሌ ሲሞት እንኳ እንደዚያ ብቸኛ የሆንኩ አልመሰለኝም ነበር።

ጠላው ሆመጠጠ። ሣሩን ግን ምናልባት አንድ ሰው ብቅ ይል ይሆናል እያልኩ እስኪደርቅ ድረስ አልጠረግሁትም። በአምስተኛው ቀን መጥረጊያ ይዤ ስቆም እንደጎዘጎዝኩት ነበር፤ አንድም የእግር ምልክት የለበትም። ለካ እኔ ራሴም በሹሙ ግቢ ከለመድኩት የተነሣ ዳር ዳሩን ስሄድ ሰንብቻለሁ።