ቴፑና ወንዝ መሃል የቀረችው አህያ

ትናንት የልጅ ልጄ ጀማል ለመኪናው አዲስ ቴፕ ሲያስገጥም፣ የቀለጠ እርሳስና የተለበለበ ሽቦ ሽታ እኔ ማንጎው ስር እስከተቀመጥኩበት ድረስ መጣ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝና ብዙ ነገር ከራሴ ወጥቷል፤ ሽታ ግን አልረሳም። ያ ሽታ የአባቴ ላንድሮቨር ሽታ ነው።

አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ እየጫኑ አጣዬ ገበያ የሚያደርሱ ነጋዴ ነበሩ። ቤት ውስጥ ቃል የማይወጣቸው፣ እናቴ "እኔ ያገባሁት ግድግዳ ነው" የምትላቸው ሰው፣ መሪ ሲጨብጡ ግን ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ስለሆነ የማንንም ፊት ማየት የለባቸውም፣ ለዚያ ይመስለኛል አፋቸው የሚፈታው። ክርናቸውን በመስኮት አውጥተው፣ የቆላው ትኩስ ነፋስ ሸሚዛቸውን እንደ ከረጢት እየነፋው፣ በወጣትነታቸው ጨው በአህያ ሲነግዱ የገጠማቸውን ያወጉኛል። ወጋቸው ታዲያ እንደ መኪናው ነው፤ ገበያ ስንደርስ ይቆማል፣ ስንመለስ ከቆመበት ይነሳል።

እኔ ግን ልጅ ነኝ፣ ቴፕ አማረኝ። መንገዳችን ላይ ባለችው ጀውሃ ከተማ ሹፌሮች ሻይ ቤት ደጃፍ ቆመው፣ በር ከፍተው ሙዚቃ ሲለቁ እያየሁ ስንት ወር ለመንኩ። በመጨረሻ አባቴ ሐሰን የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ አመጡ፤ መኪና ላይ ቴፕ ገጥሞ የማያውቅ፣ አላውቅም ማለትንም የማያውቅ ሰው። ለእስፒከሩ በሩን መብሳት ነበረበትና የእናቴን ሳህን ተውሶ፣ በሩ ላይ ደፍቶ ዙሪያውን በጠመኔ አሰመረ።

"አንተ ሐሰን፣ በሩ ላይ ምሳ ልታቀርብ ነው?" አለችው እናቴ።

"እትዬ፣ ልኩን እኮ ነው የወሰድኩት!"

ሳህኑ ለካ ከእስፒከሩ ይሰፋል፤ በሩ ሲበሳ እስፒከሩ ዘጭ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። አባቴ የማሾ ጆንያ ቀደው ዙሪያውን ጠቀጠቁት። ከዚያ ወዲያ ዘፋኝ ሁሉ ጆንያ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስል ነበር፤ ለእኔ ግን ከዚያ የሚጥም ድምፅ በዓለም አልነበረም። ካሴቶቼ በሙቀት እንዳይጣመሙ እናቴ የውሃው ጋን ጥግ ታስቀምጥልኝ ነበር።

ቴፑ ከመገጠሙ በፊት በነበረው ገበያ፣ አባቴ ወጋቸውን ያቆሙት የጀውሃ ወንዝ በደራሽ ውሃ ሞልቶ፣ ጨው የጫነች አህያቸው መሃል ውሃ ላይ ቀጥ ብላ ስትቆምባቸው ነበር። ስንመለስ እንቅልፍ ጣለኝ። በሚቀጥለው ገበያ ቴፑን ከፍተን እየሄድን፣ ጀውሃ ድልድይ ላይ ስንደርስ እጃቸውን ሰደው ድምፁን ቀነስ አደረጉት።

"ያቺ አህያ እኮ..." ሲሉ፣

"አባባ፣ እባክዎ ይቺ ዘፈን እስክታልቅ" አልኳቸው።

አልተቆጡም። ፈገግ ብለው ድምፁን እንደነበረ መለሱት። ዘፈኗ አለቀች፣ ሌላዋ ተከተለች፤ አባቴም ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪና ውስጥ እንደ ቤታቸው ዝም አሉ። ልጠይቃቸው እልና አፍራለሁ፤ እፍረቱ ሳይለቀኝ እሳቸው ሄዱ። ከዚያች ዘፈን ዛሬ አንዲት ቃል እንኳ አላስታውስም።

ዛሬ ጠዋት ጀማል አዲሱን ቴፕ ከፍቶ ወደ አጣዬ ይዞኝ ወጣ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ወንበሩ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል።

"ስሙት እስቲ አባባ! እንዴት ነው?"

"ማሻአላህ" አልኩት። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ግን "እስቲ ቀነስ አድርገው ልጄ" አልኩ።

ሳያመነታ ጨርሶ አጠፋው። ስለ ጨው ንግዱ፣ ስለ ደራሹ ውሃ፣ ስለ አህያዋ አጫወትኩት፤ አህያዋ መሃል ውሃ ላይ ስትቆም እኔም ቆምኩ።

"እሺ አባባ፣" አለኝ፣ "ከዚያስ?"