«አይሆንም» እና የፊት ጎማው

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «አይሆንም» ብሎ ይጠራዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ እኔ ብሆን ከዚህ የባሰ አወጣለት ነበር። ጎሚስታ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት የቆርቆሮ በር ሥር ተቀምጦ የሞተር ሳይክል ጎማ ሲያወልቅና ሲያስገባ ኖሯል። ሰው መጥቶ «ጋሼ፣ ይቺን ጎማ ከፊት ግጠምልኝ» ሲለው፣ በክር ያሰራትን መነጽር አፍንጫው ላይ ያስቀምጥና ከጎማው ጎን የተጻፈውን ቁጥር በጣቱ እየተከተለ ያነባል። ቀጥሎ ሞተሩን ያያል። ከዚያ «አይሆንም» ይላል። ለምን እንደማይሆን? እሱን ፈጣሪ ይወቅ። ከባሌ አፍ ምክንያት ማውጣት ጥርስ ከመንቀል አይቀልም።

ቤትም ያው ነው። ሶፋውን ወደ መስኮቱ እናዙረው፣ የወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ይታየናል ስለው፣ አይሆንም። መጋረጃው ቢጫ ይሁን ስለው፣ አይሆንም። የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት እንጋባ ያለኝ እንኳ በዚሁ ቃል ነው። አውቶቡስ ማቆሚያ ቆመን፣ ጫማውን እያየ፣ «ካንቺ ሌላ አይሆንም» አለኝ። የፍቅር ቃል መስሎኝ ልቤ ቅልጥ አለ። ለካ የሥራ ቋንቋው ኖሯል።

ባለፈው ዓመት ከሱቁ ፊት ለፊት ሌላ ጎሚስታ ተከፈተ። ባለቤቱ ከአፉ ማር ጠብ የሚል ጎልማሳ ነው፤ ምንም ይዘህ ብትመጣ «ይቻላል» ይልሃል። ሰፈሩም አልሰነፈም፣ «ይቻላል» ብሎ ሰየመው። የጋሪ ጎማ ከፊት ግጠምልኝ ብትለውም ይቻላል። በዚያ ሰሞን ወጣቱ ሁሉ ያበደው በወፍራም የፊት ጎማ ነበር፤ ለሞተሩ ግርማ ሞገስ ይሰጠዋል አሉ። ከትልቅ ሞተር ኋላ የወለቀ ሰፊ ጎማ እየፈለጉ ትንሽ ሞተር ፊት ላይ ማስገጠም ያዙ። ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ከሰው አጥር ጋር ሲታሽ ስንቴ አይቻለሁ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል። የኛ ጉድ ግን ከፊት መጣ፤ ያውም በገዛ ልጃችን። አንዲቷ ልጃችን መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ለክሊኒኮች መድኃኒት የሚያደርስ ድርጅት ውስጥም ሥራ አገኘች። ሰኞ ልትጀምር፣ ዓርብ ዕለት ከትልቅ ሞተር ኋላ የወለቀ ሰፊ ጎማ ጭና፣ ሞተሯን እየገፋች አባቷ ሱቅ ሄደች።

«አባዬ፣ የፊት ጎማዬን ሰፊ አድርግልኝ» አለችው። «መንገድ ላይ ሴት ናት ብለው ይጋፉኛል። ከፊቴ ከበድ ያለ ነገር ካለ ይፈሩኛል።»

መነጽሩን አደረገ፤ ቁጥሩን አነበበ። «አይሆንም።»

«ለምን?»

«አይሆንም አልኩሽ እኮ።»

ልጅቷ የኔ ልጅ ናት፤ ሁለት ጊዜ አትጠይቅም። መንገዱን ተሻግራ ይቻላል ጋ ገባች። እሱም ሰፊውን ጎማ አስገባላት፤ ጎማው የጭቃ መከላከያውን ሲነካበት ጊዜ መከላከያውን በመጋዝ ቆረጠው። ጥበብ ማለት ይኼ ነው፤ ባርኔጣው አልገባ ሲል ጭንቅላቱን መቀነስ። ባሌ ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ አየ። ያን ቀን እራቱን አልበላም።

ቅዳሜን ሳይነጋገሩ ዋሉ። መልእክተኛዋ እኔ ሆንኩ። እሷ «እማዬ፣ አባዬ እኮ ዕድሜ ልኩን አይሆንም ከማለት ሌላ አያውቅም» ትለኛለች። እሱ «ጎማው አይሆንም በያት» ይለኛል። «ለምን እንደማይሆን ንገረኝና ልንገራት» ስለው፣ አፉን ይከፍታል፣ እጆቹን መሪ እንደያዘ ሰው ግራና ቀኝ ያዞራል፣ ከዚያ አፉን ይዘጋል። አናደደኝ። ልጄ ከሰኞ ጀምሮ ያን የወፍጮ ቤት ቁልቁለት በቀን አራት ጊዜ ልትወርድ ነው፤ እሱ ቃል አጥሮታል።

እሁድ ጠዋት የሞተሯን ቁልፍ ከጠረጴዛ ላይ አነሳና «ተከተሉኝ» አለን። ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ መንገዱ የሚታጠፍበት ላይ እኔንና እሷን አቆመን። ከማዶ የጣውላ ነጋዴው አጥር አለ።

«አንቺ በምትነጂበት ፍጥነት ነው የምመጣው። እጄን እዪ» አላት።

«አባዬ፣ ሞተር ከነዳህ እኮ ስንት ዘመን ሆነህ።»

«እጄን እዪ።»

ሽቅብ ወጣና ዞሮ ቁልቁል መጣ። አልፈጠነም፤ ይህን እኔም እመሰክራለሁ። መታጠፊያው ላይ መሪውን ተጫነው፤ ሞተሩ እምቢ ብሎ ቀጥ አለ። እንደገና ተጫነው። በዚህኛው ጎማው ድንገት ሐሳቡን ለወጠና ሞተሩ በጎኑ ዘጭ አለ። ባሌም አጥሩን ጥሶ ጣውላ መሃል ገባ። ትምህርቱ ግሩም ነበር፤ አስተማሪው ብቻ ከተማሪዎቹ ፊት ጠፋ።

አሁን ልቀልድ እንጂ፣ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። እየሮጥኩ ስደርስ ልጄ ቀድማኝ ጣውላውን እያነሳች ትወረውራለች፤ ታለቅሳለች። ከሥር የወጣው ሰውዬ መጀመሪያ የተናገረው «እጄን አየሽ?» የሚል ነበር።

የትከሻው አጥንት ተሰንጥቋል። ሐኪም ቤት ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥለውለት ስንመለስ፣ የሠላሳ ዓመት ንግግር ተጠራቅሞ ኖሮ ወጣ። መውደቅ አንደበት እንደሚፈታ ባውቅ፣ ቀደም ብዬ ራሴ ገፍቼ እጥለው ነበር።

«ጠባቡ የፊት ጎማ መሬት የሚነካው ገጹ ክብ ነው፤ ስታዘነብዪው አብሮሽ ይንከባለላል» አላት። «ይሄ ግን ከኋላ ተገጥሞ ሲሮጥ ኖሮ መሃሉ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። ስታጠፊው መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ጠርዙን ሲያልፍ ደግሞ በአንዴ ይጥልሻል። ቁመቱም ስለሚበልጥ የሞተሩን ፊት ያነሳዋል፣ መሪው ይከብዳል። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ምንም አይልሽም። የሚከዳሽ ስትታጠፊ ነው።»

«ታዲያ ይህን ዓርብ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«አይሆንም አልኩሽ እኮ።»

እኔ ሳቄ መጣ። እሷ አልሳቀችም፤ ተነስታ ሱቁን ከፈተች። እሱ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ እሷ መሬት ላይ። ሰፊውን ጎማ በብረት እየፈነቀለች አወለቀችው፣ ጣቷ ተላላጠ፣ አንዴ አየር የሚሞላውን የውስጡን ካላማዳሪ በብረቱ ቆንጥጣ በሳችውና ለጠፈችው፤ ከዚያ የድሮውን ጠባብ ጎማ ማስገባት ያዘች። ይቻላል ከማዶ ብቅ ብሎ «እኔ ልርዳሽ? በአምስት ደቂቃ ይቻላል» አላት።

ቀና ሳትል «አይሆንም» አለችው።

ስትጨርስ እጇን በሱሪዋ ጠርጋ ወደ አባቷ ዞረች። «አሁንስ አባዬ?»

መነጽሩን እኔ አደረግኩለት። ቁጥሩን አነበበ፤ ጎማውን በደህና እጁ አሽከረከረው። ከጎማው ጎን ትንሽ ቀስት አለች፣ የሚዞርበትን አቅጣጫ የምታሳይ። ወደ ኋላ ታያለች።

«አይሆንም» አላት፣ ቀስ ብሎ።

ለምን ብላ አልጠየቀችም። መፍቻውን አንስታ ብሎኑን እንደገና መፍታት ጀመረች።

ሰኞ ጠዋት ልጄ የክሊኒኮቹን መድኃኒት ጭና ወጣች። እኔ ባሌ በአንድ እጁ የሚከለክለኝ ነገር እንደሌለ አስቤ፣ ሶፋውን ገፍቼ ገፍቼ ወደ መስኮቱ አዞርኩት። የወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ወለል ብሎ ይታያል። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አይሆንም አላለም።