ለባሌ ስኪ አልሸጥም ያለችው ልጅ

ባለቤቴ ሳይፈትሽ ምንም ነገር አይገዛም። የምንኖረው ሆላንድ፣ ሄግ ከተማ፣ ትራንስቫል ሰፈር ነው፤ ገበያው ቅርባችን ስለሆነ ወይራ ሊገዛ ይወጣና ከየነጋዴው አንዳንድ ፍሬ ሲቀምስ ውሎ፣ ጠግቦ ባዶ እጁን ይመለሳል። አጠገባችን ባለችው ራይስዋይክ ከተማ ያሉት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ኦስትሪያ ተራራ ላይ ስኪ እንሂድ ሲሉትም «መጀመሪያ የራሴን ስኪ ልግዛ፤ ግን ሞክሬ ነው» አለ። እስከዚያ ቀን ያን የበረዶ መንሸራተቻ እግሩ ላይ አስሮ የቆመው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። ቪዲዮ ግን ብዙ አይቷል።

ገዢ ወደሚሞክርበት አዳራሽ አንድ ቅዳሜ ሄድን። ሆላንድ ተራራ የላትም፤ ባሕር ደፍነው አገር የሠሩ ሰዎች ግን በጣሪያ ሥር ዳገት ቆልለው በረዶ አልብሰውታል። ቤት ውስጥ በረዶ አለ ስንላት ያላመነችው እናቴም ካላየሁ ብላ አብራን መጣች።

«እኛ ገደል ተርፎን ነው ያደግነው» አለችኝ፣ ተራ የያዘውን ሰው እያየች። «እነዚህ ቁልቁለት ለመውረድ ይከፍላሉ?»

ስኪ የምታውሰው ሻጭ ረጅም ወጣት ናት። የመጀመሪያውን ጥንድ ሰጠችው፤ «ይጎትተኛል» ብሎ መለሰ። ሁለተኛው አልታዘዝ አለው። ሦስተኛውን እንዳደረገ ገና ሳይንቀሳቀስ ወደቀ።

«ሚዛኑ ልክ አይደለም» አለ፣ እንደተንጋለለ።

«ልጄ፣ ተጎዳህ እንዴ?» አለችው እናቴ።

«አይ እማማ፣ እርስዎ አይጨነቁ። ጥፋቱ የስኪው ነው።»

በአራተኛው፣ ቀይ በሆነው፣ ሳይወድቅ እስከ ታች ወረደ። ያቆመው ታች የተወጠረው መረብ ነው እንጂ እሱ አልነበረም። ፊቱ በርቶ ተመለሰና ለሻጯ «ይሄን እወስዳለሁ» አላት።

«አልሸጥልህም» አለችው። «ይህ በደንብ ለሚችል ሰው ነው፤ አንተ ገና ማቆም አትችልም። ተከራይተህ ትምህርት ውሰድና ተመለስ።»

በድምፅዋ ክፋትም ይሉኝታም አልነበረም፤ ነገ ዝናብ አለ እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው። እዚህ አገር ሐኪሙም ጎረቤቱም እንዲህ ሲናገር ለምደናል። ከነጋዴ ግን አልጠበቅንም።

«ምን አለችው?» አለች እናቴ።

«ለሌላ ጊዜ ይሁን አለችው» አልኳት፣ አለሳልሼ።

እናቴ ግን የአማቿን ፊት አንብባ ጨርሳለች። «የጨዋ ልጅ ናት» አለች። «የእኛ ነጋዴ ቢሆን አህያውንም መርቆ ይሸጥለት ነበር።»

በመመለሻው ባቡር ባለቤቴ መስኮት መስኮቱን ሲያይ መጣ። ኦስትሪያ ሄዶ ስኪ ተከራየ፤ ሳምንቱን ከሕፃናት ጋር ማቆም ሲማር ሰነበተ። ባልደረቦቹ ከላይ እየወረዱ ሲያልፉ እጃቸውን ያውለበልቡለት ነበር አሉ።

አሁን ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ታሪኩን የሚያወራው እሱ ነው። በእሱ አነጋገር ልጅቷን የፈተናት እሱ ነው፤ ሐቀኛ መሆኗን ሊያይ «እወስዳለሁ» ብሏት፣ እሷም ፈተናውን አልፋለች። እናቴም አጠገቡ ተቀምጣ፣ ራሷን እየነቀነቀች ትመሰክርለታለች።