መልስ ሳልሰጠው የዘጋሁት ስልክ

በሸዋ ሮቢት የሚያልፈው መንገድ በተኩስ ሲዘጋ፣ ዕድሜዬን በአይሱዙ ጋቢና የጨረስኩት የሽንኩርት ነጋዴ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ለመሄድ በቃሁ። ቀበቶውን እንኳ ያሰረልኝ አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ ነው። ልንነሳ ስንል እዚያው ሸዋ ሮቢት አጠገብ ቀወት ገጠር ያለው ታናሽ ወንድሜ ደወለ። ኔትወርክ ካጣ ሳምንት ሆኖት ነበር።

«ጋሼ፣ ተኩሱ እየቀረበን ነው። ልጆቹን ይዤ ልውጣ ወይስ ቤቴን ልጠብቅ? አንቱ ያሉኝን ነው የማደርገው።»

ልመልስለት ስል አስተናጋጇ መጥታ ፊቴ ቆመች። «አባቴ፣ ስልክዎን ያጥፉልኝ።»

ገበያ ላይ በአንድ ኩንታል ግማሽ ቀን የምከራከር ሰውዬ፣ እዚያ እንደ ተማሪ ታዘዝኩ። «ስወርድ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ጎረምሳው ግን ስልኩን ጉልበቱ መሃል ደብቆ ሲጻጻፍ ነበር፤ አውሮፕላኑም አልወደቀም።

ኮምቦልቻ ጎማው መሬት እንደነካ ደወልኩ። ስልኩ አይሠራም። ይኸው ወር አለፈው፣ አሁንም አይሠራም። ሰዎች «ይሄኔ ወጥቶ ይሆናል» ይሉኛል። እኔ ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ከእኔ ቃል ሳይሰማ ከደጁ ንቅንቅ አይልም። እንደዚያ አድርጌ ያሳደግኩት እኔው ነኝ።